ቋሚ እንግዳ

እማማ አስካለ ማረፋቸውን የነገረችኝ መሠረት ናት። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «እትዬ ስንዱ፣ እማማ ዐረፉ» አለችኝ በስልክ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ያለቅሳል ወይም ይጸልያል፤ እኔ ዘንድ ግን ቀድሞ የመጣው ጥያቄ ነበር። እኔ ዘንድ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «እሑድ ማን ሊነሣ ነው?» አልኩ በልቤ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል አልሰማሁትም፤ የምወርድበትን አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ጥያቄው የሚገባው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አዳራሻችን ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙም አይርቅም፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ሰባኪው ቆም ይልና ዝናቡ ስብከቱን እስኪጨርስ ይጠብቃል። እሑድ ጠዋት ከመጀመሪያው ዝማሬ በኋላ የፕሮግራም መሪው ማይኩን ይዞ ይወጣና «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራችሁን ለማምለክ የመጣችሁ እንግዶች ካላችሁ፣ ከመቀመጫችሁ ብድግ በሉልን» ይላል። እንግዳው ይነሣል፤ ሕዝቡ እያጨበጨበ የእንኳን ደህና መጣችሁ መዝሙር ይዘምርለታል። ከፕሮግራም በኋላም ጓዳ ውስጥ ሻይና ዳቦ ይቀርብለታል። በብዙ ቸርች ያለ ልማድ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም።

አዲሱ ነገር እማማ አስካለ ነበሩ። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በበሩ በኩል ባለው ጫፍ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ። «እንግዶች ካላችሁ» ሲባል ይነሣሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድኩበት እሑድ የተነሣነው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ጎን ለጎን ቆመን ተዘመረልን፤ ሻይም አብረን ጠጣን። እሳቸውም እንደኔ አዲስ ናቸው ብዬ ልቤ ተረጋጋ። በሳምንቱ ስመጣ እንደገና ተነሡ። ረስተው ነው፣ ዕድሜ ነው አልኩ። በሦስተኛው እሑድ ሲነሡ ግን አላስቻለኝም፤ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ጎሸም አደረግኳት።

«እሳቸው? ኧረ ስንት ዓመታቸው። እኔ ስመጣ እዚሁ ነበሩ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ይነሣሉ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቋሚ እንግዳ ነው የምንላቸው።»

ቅጽል ስሙን ያወጡት ወጣቶቹ ናቸው። የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ስለሆኑ፣ ቋሚ ሠራተኛና ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚባለውን ነገር እናት አባታቸው ቤት ሲሰሙ ነው ያደጉት። አንድም የማይሄዱ እንግዳ ለማለት፣ አንድም ሁልጊዜ የሚቆሙ እንግዳ ለማለት ነው። ስለ ምክንያቱ ግን እያንዳንዱ የራሱ ግምት ነበረው። አንዱ «መርሳት ይዟቸዋል» ይላል። ሌላዋ «ለዳቦው ነው» ትላለች። እኔም እማማ አስካለ ዳቦውን ሳይነኩ በፌስታል ጠቅልለው ሲወጡ አይቻለሁና፣ ለጊዜው ይህችኛዋን አምኛት ነበር።

ግምት ግን እኔን አያጠግበኝም። ትንሽ ቆይቼ አስተናጋጅ ሆኜ ተመደብኩ፤ ባጅ አንጠልጥዬ በሩ ላይ ቆሜ ሰው አስቀምጣለሁ። የእማማ አስካለ ቦታ ከበሩ አጠገብ ስለነበር በየእሑዱ ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄድኩ።

ጠያቂ ስልክ ይዞ ማረሚያ ቤት አይገባም። ስለዚህ በአካባቢው ስልክ በአደራ የሚቀበሉ ትንንሽ ኪዮስኮች አሉ፤ አንደኛው የእማማ አስካለ ነበር። ስልኩን ይቀበላሉ፤ ቁጥር የተጻፈበት የካርቶን ቁራጭ ይሰጣሉ፤ ስልኩን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣሉ። ስልኮቹ ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ይውላሉ። እማማ አያነሡም፤ የጮኸው ስልክ ላይ መዳፋቸውን ጫን አድርገው «ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» ይሉታል፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አልኳቸው።

«በዓይንሽ መጠየቅ ከጀመርሽ ቆየሽ እኮ። ተቀመጪ።»

«እሑድ እሑድ ለምንድን ነው የሚነሡት?»

«እንግዳ ስለሆንኩ።»

«እርስዎ ምን እንግዳ ነዎት፤ ባለቤት ነዎት እንጂ።»

«ባለቤቱንማ አውቀዋለሁ» አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። «እኔ አይደለሁም። አንቺም አይደለሽም።»

መልሱ መልካም ነው፤ ግን የስብከት መልስ ነው። የስብከት መልስ ደግሞ እኔን አርፌ እንድተኛ አያደርገኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ።

«ስንዱ፣ አንቺ ጠያቂ ነሽ» አሉኝ። «እዚህ ሰፈር ግን ጠያቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለማወቅ ይጠይቃል፤ ሌላው ስንቅ ይዞ ይጠይቃል። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እስቲ ዘንቢል ግዢ።»

ከጎናቸው ብስኩትና ሳሙና የሚሸጥ ኑረዲን የሚባል ስልጤ ነበር፤ ጆሮውን ጥሎ ይሰማን ኖሯል። «እማማ ሰውን ሁሉ እንግዳ ሊያደርጉት ነው» አለኝ። «እኔንም እሑድ ና አብረን እንግዳ እንሁን ይሉኛል። እሺ፣ አርብ ደግሞ እርስዎ እኛ ጋ እንግዳ ይሁኑ ስላቸው፣ ጉልበቴን ያመኛል ይሉኛል።»

«ያመኛላ፤ መዋሸት አለብኝ?» አሉ እማማ፤ ሁለቱም ሳቁ። ኑረዲን ሻይ አዞልኝ ወደ ደንበኞቹ ተመለሰ።

«አብረን እንግዳ እንሁን።» የእማማ አስካለ ወንጌል ይህች ነበረች። እኛ ምስክርነት ስንወጣ በራሪ ወረቀት እናድላለን፣ ሰው እናስቆማለን፣ አንዳንዴም ሰው አይቶን መንገድ ይሻገራል። እሳቸው ጋ ሰው ራሱ ይመጣል። ስልኳን ልትወስድ የተመለሰች ሴት ዓይኗ ቀልቶ ካዩ፣ ስልኩን ወዲያው አይሰጧትም። «ትንሽ ተቀመጪ፣ ስልክሽ አይቸኩልም» ይሏታል። ከጓዳ ያመጡትን ዳቦ ከፌስታል አውጥተው ይቆርሱላታል፤ እኔ የጠረጠርኩት ዳቦ መጨረሻው ይኸው ነበር። ታለቅሳለች፤ ያዳምጣሉ። ልትሄድ ስትነሣ «እሑድ እዚያች ቆርቆሮ ቤት እንግዳ ነኝ፤ ነይና አብረን እንግዳ እንሁን» ይሏታል። ስለ ጌታ ከጠየቀቻቸው «እሱም ሲመጣ እንግዳ ነበር፤ ማደሪያ አጥተውለት ነበር» ይላሉ። ከዚያ በላይ አያስረዝሙም። «እኔ መስበክ አልችልም፤ መቆም ግን እችላለሁ» ነበር የሚሉት።

ዘንቢል ገዛሁ። የማውቀው እስረኛ ስላልነበረኝ እማማ ጠያቂ የሌላቸው የአንድ አዛውንት ስም ሰጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ማድረስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ባዶ ሳህኔን ይዤ ስልኬን ልወስድ ስመለስ፣ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ጀመሩልኝ። መጠየቄን በመተዌ ነበር መሰለኝ ደስ ያላቸው።

ልጃቸው ሹፌር ነበር። በመኪና አደጋ ሰው ሞቶበት ተፈረደበት፤ እሳቸውም ስንቅ ለማመላለስ ብለው ከሞጆ ቤታቸውን ዘግተው ቃሊቲ ክፍል ተከራዩ። አንድ እሑድ ጠይቀውት ሲመለሱ በአዳራሻችን በር አለፉ። ዝማሬው ሳባቸውና ከነዘንቢላቸው ገቡ። «እንግዶች ብድግ በሉ» ሲባል አጠገባቸው ያለ ሰው በክርኑ ነካ አደረጋቸው፤ ተነሡ። ብቻቸውን ነበሩ። ያን ጊዜ ደግሞ እንግዳውን ማይክ አስይዞ «ከየት ነው የመጡት?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ነበር። ከየት ነው ማለት ከየትኛው አጥቢያ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እማማ አስካለ ይህን በምን ይወቁት። የመጡበትን ተናገሩ።

«ከማረሚያ ቤት» አሉ።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የፕሮግራም መሪው ማይኩን ተቀብሎ «እናታችንን ከእስር የፈታ ጌታ ስሙ ይባረክ፤ ዛሬ ከማረሚያ ቤት ወጥተው በቀጥታ ወደ ቤቱ መጥተዋል» አለ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸውና አለቀሰች።

«ልጄ የተፈረደበት በዚያው ሳምንት ነበር» አሉኝ እማማ። «ሰው ሁሉ እልል ይላል። አይደለም፣ የታሰረው ልጄ ነው፣ ገና መግባቱ ነው ልበላቸው? ደስታቸውን ላፍርስባቸው? ዝም አልኩ። ዘንቢሌን እያየሁ ቆምኩ። ሻዩንም ሳልጠጣ ወጣሁ።»

ሳቅ ያዘኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመጡ ፊቴን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። እሳቸው አይተውኝ «ሳቂ፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለዓመታት በዚያ በር አላለፉም፤ መንገዳቸውን ሁሉ ቀየሩ።

«ታዲያ ማን መለሰዎት?»

«ዝናብ» አሉ። «ዝናቡ ሲያባርረኝ በሩ ላይ ተጠለልኩ። እንግዶች ተነሡ ሲባል አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ብቻዋን ተነሣች። ምንም ሳትል እግሬ ሰማት፤ ገብቼ አጠገቧ ቆምኩ። ማይኩ ሲመጣ አብረን ነን አልኩ። ሌላ የጠየቀን የለም። በሳምንቱ ሌላ ብትመጣስ ብዬ ሄድኩ። በሚቀጥለውም ሄድኩ። በዚያው ቀረሁ።»

«እንግዳ የሌለ ቀንስ? ብቻዎን ይነሣሉ እኮ።»

«ካልተነሣሁ መኖሩን በምን አውቃለሁ? ስንቱ ነው እኔ ስነሣ አይቶ የሚነሣው።»

ወደ ቤቴ ስሄድ ያን የመጀመሪያ እሑዴን አስታወስኩ። በእርግጥም እኔ የተነሣሁት ከእሳቸው በኋላ ነበር። እሳቸው ባይነሡ እንደተቀመጥኩ አሜን ብዬ የምወጣ ሰው ነበርኩ።

ከመለያየታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ቀርታኝ ነበር። «ማይኩን የያዘው ሰውዬ ማን ነበር?» አልኳቸው።

ወዲያ ወዲህ አዩ። «ጌታሁን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ልጅ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ደስ ብሎት ነው። ሆድ ይፍጀው፣ ለማንም እንዳትነግሪ።» እኔ ምስጢር በመያዝ የምታወቅ ሰው አይደለሁም፤ ይህችን ግን ያዝኩ። አሁን የምጽፈው ወንድም ጌታሁንን ራሱን አስፈቅጄ ነው።

ወንድም ጌታሁን ያኔም የፕሮግራም መሪ ነበር፣ አሁንም ነው፤ በመሀል የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ሆነ። ሥርዓት ይወዳል። ከረባቱ ላልቶ አይቼው አላውቅም። የእማማ አስካለ መነሣት ግን ከዓመት ዓመት እየከነከነው መጣ። ከሌላ አጥቢያ የተጋበዘ ሰባኪ መጥቶ «አዲሷ እናታችን፣ እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ሲጸልይላቸው ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ያኔ በቃው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ጥሩ የመሰላቸውን ዘዴ አመጡ። እማማን እናክብራቸው አሉ፤ እንግዳ ተቀባይ ይሁኑ፣ ባጅ ይሰጣቸው። ባጅ ያደረገ ሰው እንግዳ አይሆንም።

በዚያ እሑድ ባጁን አንገታቸው ላይ ያጠለቅኩላቸው እኔ ነኝ። አገላብጠው አዩት፤ «አመሰግናለሁ» አሉ። ከዚያ ወንድም ጌታሁን «እንግዶች ካላችሁ» አለ። እማማ ከነባጃቸው ተነሡ።

አዳራሹ ጉምጉም አለ። «እማማ» አለ ወንድም ጌታሁን በማይኩ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «ዛሬ እኮ ባጅ አድርገዋል።»

«ውይ፣ እውነትህን ነው» አሉ እማማ። ባጁን አውልቀው፣ ገመዱን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና እንደቆሙ ቀሩ። ያን ቀን ወጣቶቹ የሳቁት ሳቅ ለወንድም ጌታሁን ሳይከብደው አልቀረም።

በሚቀጥለው እሑድ ማስታወቂያ ተነገረ። አባል የሆነ ሰው በእንግዳ ጥሪ ላይ እንዳይነሣ። «አባል የሆነ ሰው» ማን እንደሆነ ለማወቅ ማንም አልተቸገረም፤ አንገት ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እማማ አስካለ «ሥርዓት ነው» ብለው ተቀመጡ። ለቤተ ክርስቲያን የሚታዘዙ ሴት ነበሩ። ጥሪው ሲመጣ ግን የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይይዙት ነበር። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እጃቸውን እያየሁ፣ ይህ እስከ መቼ ይዘልቃል እያልኩ አስባለሁ።

የዘለቀው መሠረት እስክትመጣ ነው። መሠረት ያኔ ወንድሟን ለመጠየቅ የምትመላለስ ለጋ ልጅ ነበረች፤ እማማ አስካለ ከኪዮስኩ ጠርተዋት መጣች። ዘንቢሏን እግሯ ሥር አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እንግዶች ካላችሁ» ተባለ። መሠረት ወደ እማማ ዞረች። አብረን እንግዳ እንሁን ተብላ ነው የመጣችው። እማማ አንገታቸውን ደፉ። ወንድም ጌታሁን ትንሽ ጠበቀና «ዛሬ እንግዳ የለንም ማለት ነው» ብሎ ወደ ሌላው ማስታወቂያ አለፈ።

መሠረት ዘንቢሏን አንሥታ በፊቴ አልፋ ወጣች። «አፈሩብኝ ብዬ ነው» አለችኝ ኋላ ስንግባባ። እማማ አስካለ በዚያ ጉልበታቸው ተከትለዋት ወጡ። ፕሮግራም መሀል ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም። ከግቢው በር ውጭ ደረሱባትና እዚያ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ በሩን ጥዬ መሄድ አልችልም ነበር። ከሩቅ ግን መሠረት ስታለቅስ፣ ቆይታም ስትስቅ አየሁ።

በሳምንቱ እማማ አስካለ አዳራሽ አልገቡም። ከመሠረት ጋር ያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወጥቼ «ምነው እማማ?» ብላቸው «አባል አይነሣ ተባለ፤ ደጅ አይቀመጥ አልተባለም» አሉኝ። ዝማሬው እዚያም ይሰማል። በሌላው ሳምንት ሌላ ዘንቢል የያዘች ሴት ተጨመረች፤ ከዚያ አንድ አባት ከነልጁ። ከውስጥ እኛ እንዘምራለን፣ ከውጭ እነሱ ይቀበሉናል።

ነገሩ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰ። መለያየት ፈጠሩ የሚል ቃል ተነሣ። አንድ ሁለት ሰዎች እማማ ከኅብረት ይታገዱ እስከ ማለት መድረሳቸውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ልጃቸው ፍርዱን ጨርሶ ሞጆ ገብቷል፤ እዚህ ከዚያች ቆርቆሮ ቤት በቀር ምን ቤት አላቸው? ምስጢሩን ለወንድም ጌታሁን ልንገረው እያልኩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ስንቴ ተመለሰ። እንዳትነግሪ ብለውኛል።

ሽማግሌዎቹ ሊወስኑ በነበረበት እሑድ፣ ዝማሬው ላይ፣ ወንድም ጌታሁን ራሱ ወደ ደጅ ወጣ። እኔም በሩን እንደምጠብቅ ሆኜ ጠጋ አልኩ።

«እማማ፣ ምን አጠፋን? እርስዎን የመሰለ እናት ደጅ ተቀምጦ ሰው ምን ይለናል?»

«ተቀመጥ፣ ጌታሁን።»

ድንጋዩን አየ፤ ሱሪውን አየ፤ ተቀመጠ። እማማ ነገሩት። እኔ በሰማሁበት ድምፅ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ዘንቢሉን፣ «ከየት ነው የመጡት?» መባላቸውን፣ «ከማረሚያ ቤት» ማለታቸውን፣ እልልታውን፣ የልጃቸውን ፍርድ። መሠረትና ሌሎቹም ይሰማሉ። 

«ማይኩን የያዘው ማን ነበር?» አለ ወንድም ጌታሁን ሲጨርሱ።

እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ፊቱን አላየሁትም፤ የማየው ዘንቢሌን ነበር» አሉ።

በዚያ ዘመን በዚያ አዳራሽ ሌላ ማይክ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ይህን እኔ ኋላ የመጣሁት እንኳ አውቃለሁ፤ እሱማ እንዴት አያውቅ። ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ልጅዎትስ?» አለ።

«ጨርሶ ወጣ፤ ወልዶ ከብዷል። ሲወጣ ለማንም አልተናገርኩም፤ እልልታው ቀድሞ ተደርጎልኝ የለ» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ወንድም ጌታሁን ግን አልሳቀም። እዚያው ድንጋይ ላይ፣ ሰው እያየው፣ አለቀሰ። እማማም እንደሚጮኽ ስልክ መዳፋቸውን ትከሻው ላይ ጫን አደረጉለት።

ማስታወቂያው አልተሻረም፤ ስለ እሱም ስለ ማገዱም ግን ማንም ዳግም አላነሣም። በሚቀጥለው እሑድ ወንድም ጌታሁን «እንግዶች ካላችሁ» አለና ወደ መጨረሻው አግዳሚ እያየ ጠበቀ። እማማ አስካለ ተነሡ። የደጁ ሰዎችም አብረዋቸው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ እስኪያማቸው ድረስ ሳይነሡ የቀሩበት እሑድ የለም። ጉልበታቸው ሲደክም እኔ ክንዳቸውን ይዤ አነሣቸው ነበር። መሠረት መዘምራን ውስጥ ገባች፤ ወንድሟን ዛሬም ትጠይቃለች። ኪዮስኩን ሲዘጉ ኑረዲን የካርቶን ቁጥሮቹን ሰብስቦ አስቀመጠላቸው፤ «ሲሻላቸው ይፈልጉታል» እያለ። በቀብራቸው ዕለት እሱም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ፣ ከኋላ ቆሞ አየሁት።

እሑድ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሜ ያቺን የአግዳሚ ጫፍ ማንም እንዳይቀመጥባት ጠበቅኳት። ወንድም ጌታሁን ወጣ። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ» ብሎ ጀመረና እንደምንም ጨረሰው። ማንም አልተነሣም። ሰው ሁሉ ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ ነበር። እኔ ባጄን ጨብጬ ልራመድ ስል፣ ከፊት ከመዘምራኑ መሀል መሠረት ተነሣች። የመዘምራን ልብሷን እንደለበሰች፣ ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየች ቆመች። አንድም ሰው አልሳቀም።

ከዚያ ከኋላ በኩል፣ ስትገባ እንኳ ያላስተዋልኳት አንዲት ሴት፣ መሠረትን አይታ ቀስ ብላ ተነሣች። ዘንቢሏን በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

ወንድም ጌታሁን መሠረትን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ዓይኑ ከሴትዮዋ አለፈና ባዶዋ የአግዳሚ ጫፍ ላይ ቆየ።

«ዛሬ እንግዶቻችን ሦስት ናቸው» አለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ሕዝቡ መዘመር ጀመረ፤ እኔም አብሬ ዘመርኩ። የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም።